የተጐዳችን አህያ ከሰው ጋር ስለ ማስታረቅ

መግቢያ

በተማሪ ቤት ሳለን ሒሳቡ ያልገባው ልጅ ሁሉ የሚጠራበት አንድ ስም ነበር፤ እርሱም «አህያ» የሚለው ነው። ከኛም መካከል በዚህ ስም ሳይጠራ ዩኒቨርሲቲ የደረሰ ሰው ቢኖር በጣም ጥቂት ነው። ያን ጊዜ ስድቡ የሚጐዳው የተሰደበውን ልጅ ብቻ ይመስለን ነበር። ባለፈው ክረምት ግን ከአንዲት አህያ ጋር ሦስት ወር ያህል ከቈየን በኋላ ስድቡ በእንስሳዪቱም ላይ የተነገረ ሐሰት መሆኑን ተረዳን። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ቈይታ የተገኘ ትምህርት ነው።

እኛ አራት የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለሆንን የእንስሳት ሕክምና እናውቃለን ብለን አንመካም። የምናቀርበው ሐኪም የነገረንን፥ ካነበብነው ጋር ያስተያየነውንና በዐይናችን ያየነውን ነው። ጓደኞቻችን ነገሩን በሰሙ ጊዜ «ከአህያ የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች» እያሉ እንደ ቀለዱብን አንደብቅም። እኛም የተማርነው ሌላ ነገር መሆኑን ለማስረዳት ስንል ብዕር አነሣን። አንባቢያችን በመንገድ ዳር የወደቀች አህያ ባየ ጊዜ ምን ማድረግ እንደሚገባው፥ ይልቁንም ምን ማድረግ እንደማይገባው ቢያውቅ ድካማችን ዋጋውን አገኘ እንላለን።

1ኛ፤ ነገሩ እንዴት እንደ ተጀመረ

በሐምሌ መጀመሪያ ሳምንት አንድ ቀን ወደ ማታ፥ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወርደው መንገድ ዳር አንዲት ቡላ አህያ በዝናብ ውስጥ ተኝታ አገኘን። ጭነቷ ወርዶ ተወስዷል። በጀርባዋ ላይ ከሰው መዳፍ የሚሰፋ ቍስል ነበረ፤ የጐድን አጥንቷ ይቈጠራል፤ የፊት ሰኰናዋም ከማደጉ የተነሣ ጫፉ ወደ ላይ ተቈልምሟል። በአጠገቡ ሱቅ ያለው ሰው፥ «ባለቤቷ ሽማግሌ ናቸው፤ ሊያነሷት ታግለው ታግለው ቢያቅታቸው ጭነቱን በሌላይቱ አህያ ላይ አዛውረው ሄዱ፤ እንግዲህ ዛሬ ማታ የጅብ ናት» አለን። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» የሚለው ተረት በዚያ ሰዓት ተረት ሆኖ አልተሰማንም።

በዚያው ሰፈር ለአንደኛው ጓደኛችን ዘመድ የሚሆኑ፥ ሁላችንም እማማ ብለን የምንጠራቸው አሮጊት አሉ። ሄደን ለመንናቸው። «እናንተ ልጆች፥ የራሳችሁን እራት በዱቤ እየበላችሁ አህያ ልትቀልቡ ነው?» ብለው ሣቁብን፤ ነገር ግን ላሞቻቸውን ከሸጡ ወዲህ ባዶውን የቀረ በረት ስለ ነበራቸው እርሱን ለቀቁልን። ከሰፈሩ ጐረምሶች ጋር ስድስት ሰዎች ሆነን ከሥሯ ጆንያ አስገብተን ደግፈን አስነሣናት። ለመቶ ሜትር መንገድ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብን። ከመልኳ የተነሣ ቡሊት አልናት።

ያን ዕለት ማታ ስለ ባለቤቷ ስንነጋገር «አረመኔ» የሚል ቃል ደጋግመን ተናግረናል። ይህ ቃል በኋላ እንዴት እንዳሳፈረን በቦታው እንገልጻለን።

2ኛ፤ አህያ ምን ዐይነት እንስሳ ናት?

አህያን ለማዳን የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ጠባይዋን ማወቅ አለበት። የለማዳዪቱ አህያ አያት የአፍሪቃ የዱር አህያ ናት። ይህች የዱር አህያ ዛሬም በአገራችን በአፋር በረሃ፥ በኤርትራም በደንከል ጠረፍ ጥቂት ሆና ትኖራለች፤ ዘሯም ሊጠፋ ከተቃረበ እንስሳት አንዱ ነው። በፈረንጅ አቈጣጠር በ2022 የታተመ አንድ የዘር ጥናት እንዳስረዳው፥ ሰው አህያን ያለመደው በምሥራቅ አፍሪቃ ከ7,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። እንግዲህ አህያ ከውጭ የመጣች እንግዳ ሳትሆን የዚህ ምድር ልጅ ናት። ከዓለም አገሮችም ሁሉ ብዙ አህያ ያላት ኢትዮጵያ ስትሆን ቍጥራቸው ወደ 10 ሚሊዮን ይገመታል።

ከበረሃው ኑሮዋ ሦስት ጠባዮችን ወርሳለች።

ሀ) ፈረስ የሜዳ እንስሳ ስለሆነ ሲደነግጥ ይሮጣል። አህያ ግን ድንጋያማ በሆነ አገር ስለ ኖረች በጭፍን ብትሮጥ እግሯ ይሰበራል፤ ስለዚህ ስትፈራ ትቆምና የሚያስፈራውን ነገር ትመረምራለች። እኛ ይህን መቆም «ግትርነት» ብለን ሰይመን በዱላ እንመልስላታለን። በኦሪት ዘኍልቍ በ22ኛው ምዕራፍ የበልዓም አህያ ሦስት ጊዜ የተመታችው ጌታዋ ያላየውን ስላየች መሆኑን ሁላችን አንብበናል፤ ነገር ግን ንባቡን ከመንገዱ ጋር አላገናኘነውም።

ለ) አህያ ሕመሟን ትደብቃለች። ድካሙን የሚያሳይ እንስሳ አውሬ ይመርጠዋልና። ስለዚህ አንዲት አህያ አንገቷን ደፍታ፥ ጆሮዋን ጥላ፥ ከባልንጀሮቿ ተለይታ ከታየች ሕመሙ የጀመረው ያን ዕለት አይደለም፤ ብዙ ቀን ቈይቷል ማለት ነው። አንዳንድ ጊዜም አፏን በመኖው ውስጥ አድርጋ የምትበላ መስላ ምንም ሳትውጥ ትውላለች።

ሐ) አህያ ከአንዲት ባልንጀራ ጋር ጽኑ ወዳጅነት ታደርጋለች። ከዚያች ባልንጀራ ስትለይ የሚደርስባት ጭንቀት እንደ በሽታ የሚቈጠር ነው። ይህን ሳናውቅ በመቅረታችን ቡሊትን ልንገድላት ጥቂት ቀርቶን እንደ ነበር በአራተኛው ክፍል እንገልጻለን።

3ኛ፤ ሰውነትን ስለ ማዳን

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የወደቀች ወይም የምትቅበዘበዝ አህያ አፏ የሚዝረከረክ፥ ያለ ምክንያት የምትነክስ፥ መዋጥ ያቃታት ከሆነች የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል እጅ ሳይነካት ሐኪም መጠራት አለበት። በአፏ ውስጥ እጅ ማግባት ከቶ አይገባም። እኛ ይህን ሳናውቅ ቀርበን ነበር፤ ዕድል ጠበቀን እንጂ ዕውቀት አልጠበቀንም።

በማግሥቱ የመጣው ሐኪም በመጀመሪያ ሙቀቷን፥ የልብ ትርታዋንና ትንፋሿን ቈጠረ። ጤነኛ የሆነች ያረፈች አህያ ሙቀቷ ከ36.5 እስከ 37.8 ዲግሪ፥ የልብ ትርታዋ በደቂቃ ከ36 እስከ 52፥ ትንፋሿም በደቂቃ ከ12 እስከ 28 መሆኑን ነገረንና በደብተራችን ጻፍነው። ከዚያም በየቀኑ ጠዋትና ማታ እየቈጠርን መዘገብን። የአርት ተማሪም ቢሆን ሰዓት ይዞ እስከ ስድሳ መቍጠር ይችላል።

ስለ መኖ፤ ከመካከላችን አንዱ ከርኅራኄው የተነሣ በመጀመሪያው ሌሊት አንድ ሳፋ ገብስና ፉርሽካ አቅርቦላት ነበር። ሐኪሙ ሳፋውን ባየ ጊዜ ቶሎ አስነሣው። ለብዙ ጊዜ የተራበ ሰውነት ድንገት የበለጸገ ምግብ ሲያገኝ በደሙ ውስጥ ያሉት ጨዎች ይዛባሉ፤ ልብም ሊቆም ይችላል። ከዚህም ሌላ የአህያ ሆድ የተሠራው ለገለባና ለደረቅ ሣር ነው፤ እህል ሲበዛበት ይነፋል፥ ሰኰናዋንም የሚያቃጥል በሽታ ያመጣባታል። ስለዚህ ድርቆሽና የገብስ ገለባ በጥቂት በጥቂቱ በቀን ስድስት ጊዜ ስንሰጣት ሰነበትን፤ መጠኑንም በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ከፍ አደረግነው። 120 ኪሎ ያህል የምትመዝን ጤነኛ አህያ በቀን የሚበቃት ደረቅ መኖ ወደ 2 ኪሎ ነው። ንጹሕ ውሃ ግን ሁልጊዜ በአጠገቧ መኖር አለበት፤ አህያ ውሃው የቈሸሸ እንደ ሆነ ከመጠጣት መጠማትን ትመርጣለች።

ስለ ቍስል፤ በሰፈሩ ብዙ መካሪ ነበረ። አንዱ በጋለ ብረት ተኩሱት አለ፤ ሌላው የተቃጠለ የመኪና ዘይት አፍስሱበት አለ። ሐኪሙ ሁለቱንም ከለከለ። ሁለቱም ጤነኛውን ሥጋ ገድለው ቍስሉን ያሰፉታል እንጂ አያድኑትም። ያዘዘን ነገር ቀላል ነበር፤ በግማሽ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙቶ ቍስሉን በቀን ሁለት ጊዜ በቀስታ ማጠብ፥ ዝንብ እንዳያርፍበት መጠበቅ፥ ቈዳው ፈጽሞ እስኪገጥም ድረስ ምንም ነገር አለመጫን። የአህያና የፈረስ ወገን ለመንጋጋ ቈልፍ በሽታ በጣም የተጋለጠ ስለሆነ ለዚህም መርፌ ወጋት፤ የሆድ ትል መድኃኒትም ሰጣት።

ስለ ሰኰና፤ የረዘመውን ሰኰና በአንድ ቀን ቈርጦ ማስተካከል የሚያስመሰግን ይመስላል። ነገር ግን ጅማቶቿ ለረዥም ጊዜ ያንን ጠማማ አቋም ለምደዋልና በድንገት ቢለወጥባት ሥቃይ ይሆንባታል። ስለዚህ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እየተቈረጠ በሦስት ጊዜ ተስተካከለ።

ስለ ዝናብ፤ የአህያ ጠጕር እንደ ፈረስ ጠጕር ውሃን አይመልስም። የበረሃ ልጅ ናትና የሐምሌ ዝናብ እስከ ቈዳዋ ድረስ ይዘልቃል። ጣራ ያለው ደረቅ መጠጊያ ለፈረስ ምቾት ቢሆን ለአህያ ግን መድኃኒት ነው።

4ኛ፤ ባልንጀራ

በሁለተኛው ቀን ቡሊት መብላት አቆመች። መልካም ድርቆሽ ቀርቦላት ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ትቆማለች፤ አልፎ አልፎም ድምፅዋ እስኪዘጋ ድረስ ትጮኻለች። እኛ ከቍስሉ የመጣ መስሎን ነበር። በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ ተመልሶ ሲመጣ በመጀመሪያ የጠየቀን ነገር፥ «ከማን ጋር ነበረች?» የሚል ነበር። ጭነቷን የወሰደችው ሌላይቱ አህያ ትዝ አለችን።

ሐኪሙ እንዳስረዳን፥ አህያ መብላት ስታቆም ሰውነቷ ያከማቸውን ስብ አውጥቶ በደሟ ውስጥ ይለቀዋል። ስቡም ሲበዛ ጕበቷንና ኵላሊቷን ይዘጋቸዋል፤ በጥቂት ቀን ውስጥም ትሞታለች። ይህ ሁኔታ በወፈሩና ባረገዙ አህዮች ላይ ይበረታል፤ ነገር ግን የቀጨጨችውም ብትሆን ከአደጋው ነጻ አይደለችም። የሚያመጣውም ረኀብ ብቻ አይደለም፤ ኀዘንና ጭንቀትም ያመጡታል። መድኃኒት ከመስጠቱ ጋር አንድ ነገር አጥብቆ አዘዘን፤ ይኸውም በዚያው ዕለት ባልንጀራ እንድንፈልግላት ነው።

ከእማማ ጐረቤት ውሃ የሚያመላልሱ ሴት አንዲት ያረጀች አህያ ነበረቻቸው። ማታ ማታ በእኛ በረት እንድታድር፥ መኖዋንም እኛ እንድንችል ተስማማን። አሮጊቷ አህያ ወደ በረቱ በገባች ጊዜ ቡሊት ጆሮዎቿን አቀናች። ሁለቱ ለብዙ ጊዜ አፍንጫ ለአፍንጫ ተሸታተቱ። እንግዳዪቱ ያለ ምንም ይሉኝታ ድርቆሹን መብላት ጀመረች፤ ቡሊትም ጥቂት ቈይታ ከጎኗ አንገቷን ዝቅ አድርጋ በላች። እኛ አራታችን በረቱ ደጃፍ ላይ ቆመን ነበር፤ የሚናገር አልነበረም። በአራተኛው ቀን ጠዋት ገንዳው ባዶ ሆኖ አገኘነው።

ከዚህ የምናወጣው ሕግ የታወቀ ነው። ሁለት አህዮች አብረው ሲሠሩ አንዲቱ ብትታመም ሌላይቱም አብራ ትምጣ። አንዲቱ ብትሞትም ሬሳውን ቶሎ ከመውሰድ ይልቅ በሕይወት የቀረችው ቀርባ እንድታሸተውና እንድትረዳ ጊዜ መስጠት ይገባል። ይህን ያላየች አህያ ባልንጀራዋን ስትፈልግ ትከርማለችና።

5ኛ፤ እምነትን ስለ መመለስ

ሰውነቷ መዳን ሲጀምር ሁለተኛው ሥራ መጣ። ቡሊት ቍስሏን እንድናጥብላት ትቆምልናለች፤ ነገር ግን መቆሟ እምነት አልነበረም። ዐይኗ ፈጦ፥ አፍንጫዋ ተኰማትሮ፥ ቈዳዋ እየተንቀጠቀጠ ነበር የምትቆመው። አስቀድሞ እንደ ተናገርነው አህያ ስትፈራ ትቆማለች። ስለዚህ የሚቆም እንስሳ ሁሉ የተስማማ እንዳይመስለን መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

በሥነ ልቡና ትምህርት ክፍላችን የሁለት ሊቃውንት ነገር ተምረን ነበር። መስኮባዊው ፓቭሎቭ ውሻ ከምግብ ጋር የተያያዘን ድምፅ ሲሰማ ምራቁ እንደሚወርድ አስተዋለ። አሜሪካዊው ቶርንዳይክም ድመቶችን በሣጥን ውስጥ ዘግቶ ሲመረምር፥ ደስ የሚያሰኝ ውጤት ያገኘ ሥራ እንደሚደገም፥ ያላገኘ ግን እንደሚቀር ተናገረ። ይህን ሁሉ ለፈተና አጥንተን መልሰናል። ትርጕሙ የገባን ግን በበረት ውስጥ ነው።

ለምሳሌ ያህል፥ አንድ ዝናባም ጠዋት ከመካከላችን አንዱ የታጠፈ ጃንጥላ ይዞ ወደ በረት ገባ። ቡሊት እስከ ግድግዳው ድረስ አፈገፈገችና ሽንቷን ለቀቀች። እኛ ጃንጥላ አየን፤ እርሷ ዱላ አየች። ለፓቭሎቭ ውሻ ድምፁ ምግብን እንደሚያስታውሰው ለእርሷም ቀጭንና ረዥም ነገር ሁሉ ሕመምን ያስታውሳታል። ስለዚህ ጃንጥላውን በበረቱ ማዕዘን መሬት ላይ አጋደምነው፤ ከእርሱም ዐሥር ርምጃ ርቀን የካሮት ልጣጭ አኖርን። በየቀኑ ልጣጩን ወደ ጃንጥላው አንድ ርምጃ እናቀርበዋለን። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ልጣጩን ከጃንጥላው ላይ አንሥታ በላች።

በአጠቃላይ የተከተልነው ሥርዐት የሚከተለው ነው።

ሀ) መቀመጥ። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አላደረግንም። ጠዋትና ማታ ሃያ ሃያ ደቂቃ በበረቱ ጥግ ተቀምጠን የታሪክ ማስታወሻችንን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እናነብባለን። ዐይን ለዐይን አንመለከታትም፤ የሚያድን አውሬ ትኵር ብሎ ያያልና። በዘጠነኛው ቀን ከእኛ አምስት ርምጃ ርቃ መብላት ጀመረች።

ለ) መቅረብና መመለስ። ሰው ሲቀርባት ጆሮዋን የምታዞርበት፥ ክብደቷን ወደ ኋላ እግሯ የምታዛውርበት አንድ የተወሰነ ቦታ አለ። እዚያ ቦታ ላይ ቆመን፥ እርሷ ሳትሸሽ እኛ ወደ ኋላ እንመለሳለን። መመለሳችን ለእርሷ ደመወዝ ነው፤ ሳትሸሽ ደኅና መሆን እንደምትችል ትማርበታለች። ቦታው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየቀረበ ሄደ። የምንቀርበውም ከትከሻዋ በኩል ነው፤ ከፊት ለፊቷና ከበስተ ኋላዋ በደንብ አታይምና።

ሐ) መንካት። ብዙ ሰው እንስሳን ሲወድ እጁን ወደ ፊቱ ይሰዳል። ለተመታች አህያ ግን ወደ ፊት የሚመጣ እጅ ጥፊ ነው። በዐሥራ ሰባተኛው ቀን በመጀመሪያ የነካናት በአንገቷ ግርጌ በትከሻዋ ላይ ነበር። አህዮች እርስ በርሳቸው በጥርስ የሚተካከኩበት ቦታ ነውና ሲያኩላት ላይኛው ከንፈሯ ረዘመ።

መ) እግር ማንሣት። ቶርንዳይክን ያስታወስነው በዚህ ላይ ነው። እግሯን አንሥተን ሳለን ስትራገጥ ብንለቅላት መራገጥ እንደሚጠቅም እናስተምራታለን። ስትረጋ ብንለቅላት ግን መርጋት እንደሚጠቅም ትማራለች። ስለዚህ በመጀመሪያ ያነሣነው ለአንድ ቅጽበት ብቻ ነው፤ ለመራገጥ ጊዜ ሳታገኝ መልሰን እናወርደዋለን። በአርባኛው ቀን አራቱንም እግሯን ያለ ገመድ ሰጠችን።

ሠ) ማሳጠር። ትምህርቱ በአንድ ጊዜ ከዐሥር ደቂቃ አያልፍም፤ ሁልጊዜም የሚያልቀው እርሷ ደኅና ባደረገችው ነገር ላይ ነው። የተቈጣ ወይም የቸኰለ ሰው በዚያ ቀን ከበረቱ ውጭ ይቀራል። ይህን ሕግ ሦስቱ ባንድ ላይ የፈረድንበት ጊዜ ነበረ።

በሃያ ስድስተኛው ቀን እማማ ከምድጃ የጠረጉትን አመድ ደጅ አፍስሰው ሳለ ቡሊት በፊታችን ተጋድማ በአመዱ ላይ ተንከባለለች። እማማ «አሁን ቤቷ ሆነ» አሉ። ሐኪሙም በኋላ ያረጋገጠልን ይህንኑ ነው፤ የሚፈራ እንስሳ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ አይተኛም።

6ኛ፤ ባለቤቷ መጡ

ከእንቍጣጣሽ በኋላ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ በእማማ ደጅ ቆመው «ቤቶች» አሉ። ከሱሉልታ በኩል እህል የሚያወርዱ ናቸው። አህያቸው በሕይወት እንዳለች ከባለሱቁ ሰምተው መጡ። «ልጆቼ፥ ጅብ በልቷታል ብዬ ስንት ቀን እህል አልወርድልኝ ብሎ ነበር» አሉን።

ቡሊት ድምፃቸውን ስትሰማ ማኘኳን አቆመች። ከዚያም ወደ ግድግዳው ተጠግታ እንደ ሐውልት ቀረች፤ ቈዳዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሁለት ወር ተኩል ሥራችን በአንድ ደቂቃ የጠፋ መሰለን። ሽማግሌው ይህን አይተው ለብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም፥ «ታውቀኛለች። መትቻታለሁ እኮ። ሲመሽ ጅቡ ይመጣል፤ እህሉ ካልደረሰ ነጋዴው አይከፍልም፤ ልጆቹ ይጠብቃሉ፤ እርሷ ደግሞ ትቆማለች። ምን ላድርግ ብዬ መታሁ» አሉ።

በዚህ ጊዜ «አረመኔ» ያልነው ቃል በጕሮሯችን ቆመ። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይላል ያገራችን ሰው። እኛም ችጋሩን መምታት አቅቶን ሽማግሌውን ስንመታ ሰንብተናል።

ከዚያ ወዲህ ያለው ክርክር ቀላል አልነበረም። ሁለታችን «አትመለስም፤ ወደ ተመታችበት መመለስ ያዳንናትን መግደል ነው» አልን። ሁለታችን ደግሞ «ንብረታቸው ናት፤ የልጆቻቸውም እንጀራ ናት» አልን። ነገሩን የቈረጡት እማማ ናቸው። «እናንተ በጥቅምት ትምህርታችሁን ትገባላችሁ፤ እኔ አሮጊት ነኝ፤ እርሷ ገና ሃያ ዓመት ልትኖር ትችላለች። ማን ሊያበላት ነው?» አሉ። መልስ አልነበረንም።

ሐኪሙን ስናማክረው፥ ትልቁን ስሕተታችንን ነገረን። ቡሊት የታረቀችው ከእኛ ጋር እንጂ ከሰው ጋር አይደለም። አንድ እንስሳ ከአራት ሰዎች የተማረውን በሰው ሁሉ ላይ አያውለውም፤ ሽማግሌም፥ ሕፃንም፥ ነጠላ የለበሰም፥ ባርኔጣ የደፋም ሰው ለየብቻው ሊያስተምረው ይገባል። የበደላት ሰው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ራሱ መምጣት አለበት። የሌላ ሰው ደግነት የእርሱን ዕዳ አይከፍልለትም።

ይህን ለሽማግሌው በነገርናቸው ጊዜ ይቈጣሉ ብለን ፈርተን ነበር። እርሳቸው ግን በማግሥቱ ማታ ዱላቸውን ውጭ ትተው መጡና እኛ እንቀመጥበት በነበረው ጥግ ተቀመጡ። ሌላይቱን አህያቸውንም ይዘው መጥተው ነበር። የሁለቱን መገናኘት አንጽፈውም፤ ጩኸቱ ለጐረቤት ሁሉ የተሰማ ነው። ለዐሥራ አራት ቀን በየማታው መጡ። ትዕግሥታቸው ከእኛ ይበልጥ ነበር፤ ጆሮዋ ሳይዞር አስቀድመው ያውቁ ነበር። ዕውቀቱ ድሮም ነበራቸው፤ ያጡት ጊዜ ነው። በዐሥራ አንደኛው ቀን ከእጃቸው ገለባ ተቀበለች።

7ኛ፤ ጭነትና ዋጋው

የቀረው የጭነቱ ነገር ነበር። ቍስሉ የመጣው መጫኛው በቀጥታ በአከርካሪዋ ላይ ስለሚያርፍ ነው። ስለዚህ ከጆንያ ሁለት ረዣዥም ትራሶች ሰፍተን በገለባ ሞልተን፥ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ እንዲያርፍ፥ በመካከላቸውም አከርካሪው ምንም ሳይነካው ክፍት እንዲቀር አደረግን። የወጣው ወጪ የሁለት ጆንያና የሲባጎ ዋጋ ብቻ ነው። ገለባው ሲተኛ በየጊዜው መለወጥ አለበት፤ እርጥብ ከሆነም መድረቅ አለበት።

ክብደቱን በሚመለከት ሐኪሙ ከሰውነቷ ክብደት ሢሶ እንዳያልፍ መከረ፤ ይኸውም ለቡሊት ወደ 40 ኪሎ ነው። ሽማግሌው፥ «በ40 ኪሎ ልጆቼ አይበሉም» አሉ። ይህ እውነት ነው፤ ሐኪሙ ያለውም እውነት ነው። በመጨረሻ የተስማማነው ጭነቱ ለሁለቱ አህዮች እኩል ተካፍሎ በየአንዳንዳቸው 50 ኪሎ እንዲሆን፥ ቅዳሜ ሲሠሩ እሑድና ሰኞ እንዲያርፉ ነው። ሙሉ መፍትሔ እንዳልሆነ እናውቃለን። አንድ ዳውላ ሙሉ በአንዲት ጀርባ ከመሸከም ግን የተሻለ ነው።

አንባቢያችን ነገሩ የአንዲት አህያ ብቻ እንዳይመስለው ጥቂት እንጨምር። በእንግሊዝ አገር ኤልሳቤጥ ስቬንድሰን የተባሉ ሴት በፈረንጅ አቈጣጠር በ1969 ያቋቋሙት «ዶንኪ ሳንክቹዋሪ» የተባለው ድርጅት በአገራችንም ከቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ጋር ተባብሮ ለብዙ ዓመታት አህዮችን ሲያክም፥ ባለቤቶችንም ሲያስተምር ቈይቷል። በሌላ በኩል፥ በቻይና አገር ከአህያ ቈዳ ለሚቀመም መድኃኒት ሲባል በአፍሪቃ ብዙ አህዮች ታርደዋል። በቢሾፍቱ የተከፈተው የአህያ ቄራ በ2017 ከሕዝቡ ተቃውሞ የተነሣ ተዘግቷል፤ የአፍሪቃ ኅብረት መሪዎችም በየካቲት 2024 በአዲስ አበባ ባደረጉት ጉባኤ አህያን ለቈዳው ሲሉ ማረድን በአህጉሩ ሁሉ ከልክለዋል። እንግዲህ መሪዎች እንዳትታረድ ወስነዋል፤ በሕይወት ሳለች እንዴት እንደምትኖር የሚወስነው ግን በየመንገዱ ያለው ሰው ነው።

መደምደሚያ

ቡሊት በጥቅምት 3 ቀን ከባልንጀራዋ ጋር ወደ ሱሉልታ ሄደች። ሽማግሌው ከፊት ሄዱ፤ እርሷ ከኋላ ተከተለች፤ የነዳት ሰው አልነበረም። በኅዳር ወር ሁለት ጊዜ ሄደን ጐበኘናት። ቍስሉ አልተከፈተም፤ በቦታው ነጭ ጠጕር በቅሎበታል። ትራሱ አንድ ጊዜ ተቀዶ ተሰፍቷል። በሁለተኛው ጕብኝታችን 60 ኪሎ ያህል ተጭና አገኘናት፤ ሽማግሌውን ስናያቸው እርሳቸው ራሳቸው አስቀድመው «ዛሬ ጠፋሁ» አሉን። ይህንን ሳንጽፍ ብንቀር ጽሑፉ ባማረ ነበር፤ ነገር ግን የጥናት ጽሑፍ ነው።

የተማርነውን በአጭሩ እንናገር። የወደቀችን አህያ ከማንሣት በፊት ሐኪም ይጠራ። የተራበችውን በጥቂቱ መግቡ። ከባልንጀራዋ አትለዩአት። መቆሟን እምነት፥ መፍራቷን ግትርነት አትበሉት። የበደላትም ሰው ራሱ መጥቶ የሚታረቅበትን በር አትዝጉበት።

ከእንግዲህ ወዲያ በክፍላችን አንድ ተማሪ ጥያቄ ተጠይቆ ቆም ብሎ ቢያስብ፥ ከኋላ የተቀመጠውም «አህያ» ብሎ ቢጠራው፥ እኛ አራታችን ስድብ ነው ብለን አንቀበለውም። ቆሞ መመርመርን ከእርሷ ተምረናልና።